ለውሃ ቦርድ አባል፦ የሚባክነውን ውሃ በሰው ምደባ ማዳን

በአዲስ አበባ ከሰንጋ ተራ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አጭር መንገድ ዳርና ዳር የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተውና አገሪቱን በሒሳብ ሠራተኛ ሲያገለግል የኖረው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ኮሜርስ የሚለው፣ መቀመጫው እዚሁ ሰፈር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ለሚሠሩት ለእርስዎ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ፣ ኦዲተር፣ የሕግ አማካሪ፣ መሐንዲስ ወይም የሰው ሀብት ኃላፊ ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ ወይም ነገ በአዲስ አበባ፣ ወይም በተወለዱበት ከተማ፣ የውሃ ቦርድ አባል እንዲሆኑ ሊጠየቁ ይችላሉ። በክልሎች ያሉ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች በቦርድ የሚመሩ በመሆናቸው የተማረ ሰው ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ መድረሱ ያለ ነገር ነው። ጥያቄው ሲመጣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ግድብ፣ ስለ ጉድጓድና ስለ ፓምፕ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚለው ሌላ ነው፦ በአንድ ቦርድ እጅ ያለው ትልቁ የውሃ ምንጭ ተመርቶ የሚባክነው ውሃ ነው፤ ያንን ውሃ የሚያድነውም ማን እንደሚቀጠር፣ የት እንደሚመደብና በምን እንደሚጠየቅ በመወሰን ነው።

ማስረጃው ከራሳችን ከተማ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ውሃ ታሪክ ምንጭ የመጨመር ታሪክ ነው፤ ገፈርሳ፣ ቀጥሎ ለገዳዲ፣ ከዚያ ድሬ፣ ከዚያ የአቃቂ ጉድጓዶች። ከተማዋ ግን ከእያንዳንዱ ምንጭ ፈጥና አደገች፤ የውሃ ፈረቃም የኑሮ ልማድ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሚመረተው ውሃ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ለዓመታት ገቢ ሳያስገኝ ቀርቷል፤ ከፊሉ በመስመር ስብራት መሬት ገብቷል፣ ከፊሉ ባልተነበበ ወይም በተበላሸ ቆጣሪ አልፏል፣ ከፊሉ በሕገወጥ ቀጠላ ተወስዷል። ዕለታዊ ምርቱን ዝቅ አድርገን 500 ሺህ ሜትር ኩብ ብንል እንኳ ሲሶው 166 ሺህ ገደማ ነው። የገፈርሳ ማጣሪያ አቅም በቀን 30 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፣ የሚባክነው ውሃ ከአምስት ገፈርሳ ይበልጣል ማለት ነው። አዲስ ግድብ ዓመታት፣ የውጭ ምንዛሪና ብድር ይፈልጋል። ብክነትን መቀነስ የሚፈልገው በአብዛኛው ሰው ነው፦ ስብራት ፈላጊ ቡድን፣ ቆጣሪ አንባቢ፣ ቆጣሪ ጠጋኝ፣ የደንበኞች መዝገብ የሚያጠራ ባለሙያ። ይህን ካመኑ ቀሪው አካሄድ ደረጃ በደረጃ ይከተላል።

አንደኛ፦ እሺ ከማለትዎ በፊት ማቋቋሚያውን ያንብቡ

የቦርድ አባልነት ክብር ነው ብለው ደብዳቤውን በደስታ አይፈርሙ። መጀመሪያ የድርጅቱን ማቋቋሚያ ሕግ ያግኙና በሦስት ጥያቄ ይፈትሹት። ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሳል? ታሪፍ ማን ያቀርባል፣ ማንስ ያጸድቃል? ከዓመቱ ገቢ የተረፈው በድርጅቱ እጅ ይቆያል ወይስ ወደ ከተማው ካዝና ይገባል? የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መጀመሪያ የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. በትዕዛዝ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 10 የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም ሆኖ እንደገና ተደራጅቷል። የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ የከተማ ውሃ አገልግሎት ወጪውን በራሱ ገቢ እንዲሸፍን፣ ድሃው ደግሞ አቅሙን ባገናዘበ ዋጋ እንዲስተናገድ አቅጣጫ አስቀምጧል። በ1992 ዓ.ም. የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ወጣ። በወረቀት ላይ ያለው ሐሳብ እንግዲህ የቆየና ግልጽ ነው፤ አገልግሎቱ የሕዝብ ነው፣ አሠራሩ ግን እንደ ድርጅት ነው። እርስዎ የሚፈትሹት በከተማዎ ያለው ቦርድ ይህን ሐሳብ የሚያስፈጽምበት ሥልጣን ተሰጥቶት እንደሆነ ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች "ሌላ አካል" የሚል መልስ ካገኙ፣ ወንበሩ የአማካሪ እንጂ የቦርድ አይደለም፤ ያን ጊዜ አባልነቱን ቢቀበሉም ቢተዉም አቋምዎን በጽሑፍ ያሳውቁ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። "ቦርዱን የሚሰይመው ራሱ አስተዳደሩ ነው፤ አባላቱም በአብዛኛው ሹማምንት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቦርድ ምን ነፃነት ይኖረዋል?" ይባላል። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ መደምደሚያው ግን ችኩል ነው። የካምቦዲያ ዋና ከተማ የፕኖም ፔን የውሃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ራሱን እንዲያስተዳድር ሲፈቀድለት ቦርዱ የሞላው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ነበር፤ የሠራተኞች ተወካይም ተቀምጦበታል። ልዩነቱን ያመጣው የአባላቱ ከየት መምጣት አልነበረም። ድርጅቱ የሰበሰበውን ገቢ ራሱ እንዲያዝበት፣ ሠራተኛውን ራሱ እንዲቀጥርና እንዲሸልም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም እንደማንኛውም ደንበኛ እንዲከፍል ተጽፎ ስለተሰጠውና የተጻፈው ስለተሠራበት ነው። ስለዚህ ከሹማምንት ጋር መቀመጥዎ አያሳስብዎ፤ የሚያሳስበው በመካከላችሁ የተጻፈ የሥልጣን ወሰን አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፦ በጠረጴዛው ዙሪያ የጎደለውን ሙያ ይቁጠሩ

በብዙ ከተሞች የውሃ ቦርድ በኃላፊነት ደረጃ የሚዋቀር ነው። ከንቲባው ወይም ተወካዩ ይሰበስባል፣ የፋይናንስ፣ የጤናና የመሳሰሉት ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች ይቀመጣሉ፣ ከተጠቃሚው ጥቂት ሰው ይጨመራል፣ ሥራ አስኪያጁ በጸሐፊነት ይሠራል። የዚህ አወቃቀር ጥቅሙ ቦርዱ የወሰነውን የሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ክፍል መገኘታቸው ነው፤ መንገድ ሲቆፈር፣ ኃይል ሲቋረጥ፣ በጀት ሲዘገይ የሚመለከተው ሰው እዚያው አለ። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው። ኃላፊው ከቦታው በተነሳ ቁጥር የቦርዱ ትዝታም አብሮ ይነሳል። ሒሳብ መርማሪ፣ የሥራና ሠራተኛ ሕግ አዋቂ፣ የመስመር መሐንዲስ ስለመኖሩም ዋስትና የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ወረቀት ይዘው ይግቡ፦ በግራ የአባላቱ ስም፣ በቀኝ ያላቸው ሙያ። ባዶ የቀረው ቦታ ቦርዱ በጥብቅ የሚፈልገው ነው። ሕጉ አባል ለመጨመር ባይፈቅድ እንኳ ሁለት ንዑስ ኮሚቴ፣ አንዱን ለኦዲት አንዱን ለሰው ኃይል፣ ማቋቋምና ከውጭ ባለሙያ መጋበዝ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። በሰንጋ ተራ ሕንፃዎች ውስጥ የብድር ሰነድ ሲመረምሩ ከሚውሉት ባለሙያዎች ጥቂቱ በወር አንድ ከሰዓት ቢሰጡ፣ የውሃ ቦርዶች ዋና ጉድለት ግማሹ ይሞላል።

ሙያ ሲጨመር የጥቅም ግጭትም አብሮ ሊገባ ይችላል። ቧንቧ፣ ቆጣሪ፣ ኬሚካልና ፓምፕ የሚያቀርቡ፣ መስመር የሚዘረጉ ወይም ለድርጅቱ ብድር የሚሰጡ ሰዎችና ተቋማት የቦርድ አባል ዘመድ፣ ሸሪክ ወይም ቀጣሪ ሊሆኑ ይችላሉ። መፍትሔው ንጹሕ ሰው ፍለጋ መዞር አይደለም፤ እያንዳንዱ አባል በየዓመቱ መጀመሪያ ያለውን ግንኙነት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ጉዳዩ ሲነሳ ከክፍሉ እንዲወጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ለተሿሚዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች ሀብት የማሳወቅ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተደንግጓል፤ የቦርዱ የውስጥ ደንብ በዚያ ላይ የሚጨምረው የዕለት ተዕለት ልምድን ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው አነጋገር በሚታወቅበት አገር፣ ቅንነትን ለሰዎች ባሕርይ ብቻ መተው ቦርዱን ያጋልጠዋል። አሠራሩ ራሱ ጠባቂ ይሁን።

ሦስተኛ፦ አንድ ሰው ይቅጠሩ፣ በጥሩ ሁኔታ ይቅጠሩ

ቦርድ በቀጥታ የሚቀጥረው ወይም እንዲሾም የሚያቀርበው አንድ ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ። ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊወስድ የሚገባው ውሳኔም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ተቋማት የሚታየው ልማድ "ተጠባባቂ" ሥራ አስኪያጅ መድቦ ዓመት ማሳለፍ ነው። ተጠባባቂ ሰው ሕገወጥ ቀጠላ አይቆርጥም፣ ያልከፈለ መሥሪያ ቤት ላይ ውሃ አይዘጋም፣ ሰነፍ ሠራተኛ አይቀጣም፤ ነገ ለሚመጣው ቋሚ ሹም ጠላት ማከማቸት አይፈልግማ። ስለዚህ ቦርዱ የተጠባባቂነት ጊዜ ከስድስት ወር እንዳይበልጥ በውስጥ ደንቡ ይወስን። ክፍት የሥራ ቦታው በጋዜጣ ይውጣ። መመዘኛው ውሃ ነክ ትምህርትን ብቻ አይመልከት፤ ቁጥር አንብቦ ሰው ማሰማራት የሚችል ሰው ይፈለጋል። ቃለ መጠይቁ ላይም አንድ ተግባራዊ ፈተና ይጨመር፦ የድርጅቱን ያለፈ ዓመት የምርት፣ የሽያጭና የሰው ኃይል ሠንጠረዥ ለተወዳዳሪው ይስጡትና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ማንን ከየት ወደየት እንደሚያዛውር በአንድ ገጽ ይጻፍ። ጥሩው ተወዳዳሪ ወዲያው ይለያል።

ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከተቀጠሩ በኋላ ከቦርዱ ጋር የሚፈራረሙት የሥራ አፈጻጸም ውል ይኑር። ውሉ ከአምስት በላይ ግብ አይያዝ፤ ገቢ የማያስገኝ ውሃ ስንት በመቶ እንደሚቀንስ፣ ከተሸጠው ምን ያህሉ በጊዜው እንደሚሰበሰብ፣ የተነገረ ስብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠገን፣ የውሃ ጥራት ምርመራ በስንት ናሙና እንደሚካሄድ፣ የወጪና ገቢ ሚዛን ምን እንደሚሆን። የኡጋንዳ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ከኪሳራ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በ100 ቀን መርሐ ግብር ጀምሮ፣ በየከተማው ላሉ ሥራ አስኪያጆች በውል የታሰረ ግብና የተመጣጠነ ሥልጣን ሰጠ፤ ግብ የመታ ተሸለመ፣ ያልመታ ተጠየቀ። እዚህ "ግብ አለ፣ በጀት ግን የለም፣ ሥልጣንም የለም፣ ስለዚህ ውል ማሰር ኢፍትሐዊ ነው" ብሎ የሚከራከር ሥራ አስኪያጅ ያጋጥምዎ ይሆናል። ልክ ነው፤ ውል በአንድ ወገን አይታሰርም። ቦርዱም በበኩሉ የጊዜ ገደብ ይፈርም፦ የቅጥር ጥያቄን በ30 ቀን፣ የግዢ ጥያቄን በዚያው ልክ እመልሳለሁ ይበል። ውሉ ሁለቱንም ሲያስር ብቻ ነው ተጠያቂነቱ የሚሠራው።

አራተኛ፦ ሠራተኛውን በደንበኛ ያካፍሉ፣ ከዚያም የት እንደተቀመጠ ይጠይቁ

የሰው ኃይል ጉዳይ ለቦርድ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መዋቅር ነው፤ ሳጥንና መስመር፣ የሥራ መደብና ደረጃ። መዋቅሩን ለጊዜው ገሸሽ ያድርጉና አንድ ስሌት ይጠይቁ፦ ለ1 ሺህ ደንበኛ ስንት ሠራተኛ አለ? ለምሳሌ 20 ሺህ ደንበኛ ያለው አገልግሎት 240 ሠራተኛ ቢኖረው፣ ለ1 ሺህ ደንበኛ 12 ሰው ማለት ነው። በደንብ የሚመሩ የታዳጊ አገሮች ድርጅቶች ይህን ቁጥር ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች አውርደዋል። ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ለ1 ሺህ ደንበኛ 22 ሠራተኛ ነበራት፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከ4 በታች ወረደ። የብክነቱ መጠን በዚያው ዘመን ከ72 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል።

ይህን ቁጥር የሚሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሠራተኛ ማባረርን ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም የሚቆጣው በዚህ ነው። ግን ስሌቱን ጠጋ ብለው ይዩት። የፕኖም ፔን ደንበኛ በዚያው ጊዜ ከ27 ሺህ ገደማ ወደ 190 ሺህ ገደማ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የነበረው ሠራተኛ 590 አካባቢ መሆኑ ነው፤ በመጨረሻውም ቁጥር ከዚያ ብዙ አልራቀም። ድርሻው የወረደው ሰው ስለተባረረ አይደለም፤ የነበረው ሰው ሰባት እጥፍ ደንበኛ እንዲያገለግል ስለተደረገ ነው። ኡጋንዳ በተቃራኒው ሠራተኛዋን በግማሽ ገደማ ቀንሳለች፤ እሱም ሠርቷል፣ ግን የስንብት ካሳና ከፍተኛ የፖለቲካ ድፍረት ጠይቋል። እያደገች ላለች የኢትዮጵያ ከተማ የሚስማማው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ደንበኛ በየዓመቱ ስለሚጨመር፣ ቦርዱ ለጥቂት ዓመት የቢሮ ቅጥርን አቁሞ ያለውን ሰው ወደ መስክ ቢያዛውርና ቢያሠለጥን፣ ማንም ሳይሰናበት ድርሻው ይወርዳል።

ከቁጥሩ የሚብሰው አቀማመጡ ነው። ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛውን በአራት ክፍል ለይቶ እንዲያቀርብ ይጠይቁት፦ በምርትና ማጣሪያ፣ በመስመር ጥገና፣ በቆጣሪና ደንበኛ አገልግሎት፣ በአስተዳደር። ጥበቃ፣ ሹፌር፣ ጸሐፊና መዝገብ ቤት ከጠቅላላው ግማሽ ከሆኑ፣ ስብራት ጠጋኙ ቡድን ደግሞ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ችግሩን አገኙት። በቢል አሰባሰብ ላይም ሥራው ራሱ ተለውጧል። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. የ"ለሁሉ" ማዕከላት የውሃን፣ የመብራትንና የስልክን ክፍያ በአንድ መስኮት መሰብሰብ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍያው ወደ ባንክና ወደ ስልክ ሄዷል። ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ላይ የነበረው ሰው አሁን የት ነው? መልሱ "እዚያው ቢሮ" ከሆነ፣ ቆጣሪ የሚያነብና የተበላሸ ቆጣሪ የሚለይ ሰው እንዲሆን ሥልጠና ይመደብለት። ደግሞም ቆጣሪ አንባቢ ለዓመታት በአንድ ቀጠና አይቆይ፤ በየስድስት ወሩ መዛወሩ ከደንበኛ ጋር የሚደረግን ስምምነት ይሰብራል።

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በተለይ አንድ ጥያቄ አይርሱ። ካዛንቺስና አካባቢው በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ፊቱ ተለውጧል፤ ቤቶች ፈርሰዋል፣ ነዋሪዎች ተዛውረዋል፣ መንገዶች ተቆፍረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ቦርዱ ሊጠይቅ የሚገባው፦ የፈረሰው ቤት ቆጣሪ ከመዝገብ ወጥቷል? ወደ ቤቱ ይገባ የነበረው መስመር ከዋናው ላይ ተዘግቷል ወይስ ከመሬት በታች ክፍት ቀርቷል? የተዛወረው ነዋሪ ያለበት ውዝፍ በማን ስም ተመዝግቧል? ይህን የሚያጣራ ሰው ካልተመደበ፣ ሰፈሩ አምሮበት ውሃው ከሥሩ ሲፈስ ይኖራል።

እውነት ነው፣ "በዚህ ደመወዝ ጥሩ መሐንዲስ አይቆይም" የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። የውሃ ባለሙያ ግንባታ ድርጅትና መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የተሻለ ይከፍሉታል። ስለዚህ የድርጅቱ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ደንብ ይሁን በራሱ የሠራተኞች መተዳደሪያ ደንብ መጀመሪያ ይለዩ፤ ሁለተኛው ከሆነ ቦርዱ ማበረታቻ የመፍቀድ ሰፊ ዕድል አለው። ማበረታቻው ግን ከዳነ ውሃ ይምጣ። አንድ ቡድን በቀጠናው ብክነትን ቀንሶ የድርጅቱን ገቢ ካሳደገ፣ ከጭማሪው የተወሰነ ድርሻ ለቡድኑ ይከፈል። ለሁሉም እኩል የሚከፈል ጉርሻ በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ይሆናል፤ ከውጤት ጋር የተያያዘው ግን ራሱን ይከፍላል።

አምስተኛ፦ ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ይራቁ

ቦርድ ጥሩ ሰው ከቀጠረ በኋላ የሚፈጽመው ትልቁ ስሕተት እሱን ሆኖ መሥራት ነው። ለአንድ ሰፈር የውሃ ፈረቃ እንዲለወጥ ስልክ መደወል፣ ለአንድ ልጅ የቧንቧ ሠራተኝነት ቅጥር ማማለድ፣ የአንድ ነጋዴ ውዝፍ እንዲራዘም መጠየቅ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል። ሲደራረብ ግን ሥራ አስኪያጁ ውል አለብኝ ማለቱ ቀርቶ "ቦርዱ አዞኝ ነው" የሚል መከላከያ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ቦርዱ ማንንም ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ጥያቄ በሰብሳቢው በኩል በጽሑፍ ይሂድ። ስብሰባው ቢያንስ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ የሚቻል ከሆነ በየወሩ ይሁን። አጀንዳው ከሳምንት በፊት ይድረስ፤ ከአጀንዳው ጋርም አንድ ገጽ ቁጥር ይያያዝ። ገጹ የሚይዘው በውሉ ላይ ያሉትን አምስት ግቦች፣ የወሩን ውጤትና ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ብቻ ነው። ሃምሳ ገጽ ሪፖርት የቀረበለት ቦርድ ምንም አያነብም፤ አንድ ገጽ የቀረበለት ግን ሰበብ አያገኝም።

ስድስተኛ፦ ታሪፍና ውዝፍ ለቦርዱ የተተዉ ፈተናዎች ናቸው

ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ስሜት ያለበት ነው፤ "ውሃ ሕይወት ነው፣ መሸጥ የለበትም፣ ድሃው እንዴት ይክፈል?" ይባላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ፖሊሲዎች ንጹሕ ውሃን ለኢትዮጵያውያን ለማዳረስ መትጋት እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ግን በርካሽ ዋጋ ማን እንደሚጠቀም ይመርምሩ። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያው 7 ሜትር ኩብ እያንዳንዱ በ1 ብር ከ75 ሳንቲም ነበር የሚሸጠው። ይህን ዋጋ ያገኝ የነበረው ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። ቆጣሪ የሌለው፣ ከጎረቤት ወይም ከሻጭ በጀሪካን የሚገዛው ድሃ፣ ለዚያው መጠን ብዙ እጥፍ ይከፍል ነበር። የታሪፉ ዝቅ ማለት ድርጅቱ አዲስ መስመር የሚዘረጋበትን ገንዘብ ስላሳጣው ድሃው ከርካሹ ዋጋ ውጭ እንደቀረ ይኖራል። ለድሃው የሚበጀው ዝቅተኛውን ፍጆታ በርካሽ ጠብቆ፣ ለከፍተኛ ፍጆታ የወጪውን መሸፈኛ ማስከፈልና የማገናኛ ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማድረግ ነው። የታሪፍ ጥናት ለአጽዳቂው አካል ሲያቀርቡ ከብክነት ቅነሳ ዕቅድ ጋር አብረው ያቅርቡ። ሲሶው እየባከነ ዋጋ ጨምሩ ማለት ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው።

ከታሪፍ በፊት ደግሞ ውዝፍ ይቀድማል። የውዝፍ ዝርዝር ይምጣ ሲሉ በግለሰብና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተለይቶ ይቅረብ ይበሉ። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ላይ ውሃ መዝጋት አይቻልም፤ በጀታቸው ውስጥ ግን የውሃ መደብ እንዲያዝና ፋይናንስ በቀጥታ እንዲከፍል ማስደረግ ይቻላል። ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የመጣው የቦርድ አባል ለዚህ ሲባል ነው እዚያ የተቀመጠው።

ሰባተኛ፦ ለደንበኛው ይንገሩ፣ ደንበኛውም የራሱን ይያዝ

ቦርዱ በሩብ ዓመቱ ያየውን ያን አንድ ገጽ በየቅርንጫፉ ይለጥፍ። ይህ ችሮታ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልስም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ተከልክሎ ቅር የተሰኘም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ "ብክነቱን ካወጅን ሕዝቡ ይቆጣል" ይላል። ሕዝቡ ፈረቃውን በየቀኑ ስለሚያየው ተቆጥቷል፤ ቁጥሩን ሲያይ ግን የሚጠይቀው ነገር ያገኛል፣ መሻሻሉንም ይመሰክራል።

ደንበኛውም የራሱ የቤት ሥራ አለበት። ሰንጋ ተራ በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዕድለኞች ከተላለፉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ሕንፃ ውሃው ከዋናው ቆጣሪ አልፎ ወደ ታችኛው ገንዳ፣ ከገንዳው በፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ሲወጣ ኃላፊነቱ ከባለሥልጣኑ ወደ ሕንፃው ማኅበር ይሸጋገራል። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር ራሱ ትንሽ የውሃ ቦርድ ነው፤ ፓምፑን የሚንከባከብ ሰው ይቀጥራል፣ የጋራ ወጪ ይሰበስባል፣ ያልከፈለውን ይጠይቃል። በዋናው ቆጣሪና በየቤቱ ቆጣሪ ድምር መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ማስላት ይጀምር፤ ልዩነቱ የሕንፃው ብክነት ነው። ቤቱ ውስጥ ይህን የሚሠራ ነዋሪ፣ ከተማው ምን ማድረግ እንዳለበት ለመጠየቅ አንደበት ያገኛል። የቦርዱ የተጠቃሚ ተወካይም ከእንዲህ ያለ ማኅበር ቢመረጥ ቁጥር የለመደ ሰው ይገባል።

ስምንተኛ፦ የመጀመሪያ ዓመትዎን በበጀት ዓመቱ ልክ ይስፉ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ የእርስዎም ዕቅድ ከሱ ጋር ይሂድ። እስከ መስከረም መጨረሻ ማቋቋሚያውን አንብበው፣ ንዑስ ኮሚቴዎቹን አቋቁመው፣ የሠራተኛውን ክፍፍል ተቀብለው ይጨርሱ። እስከ ታኅሣሥ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ውል ይፈረም፤ ብክነቱ ከፍ ያለ አንድ ቀጠናም ለሙከራ ይመረጥ፤ ዋናው ቆጣሪ በቀጠናው መግቢያ ተተክሎ ስንት እንደገባና ስንት እንደተሸጠ ይለካ። እስከ መጋቢት የሙከራው ውጤት ለቦርዱ ይቅረብ፤ ከቢሮ ወደ መስክ የሚዛወሩ ሠራተኞች ሥልጠናም ይጀመር። በሚያዝያና በግንቦት የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ፣ አዲስ የሥራ መደብ የሚጠየቅበት እያንዳንዱ መስመር የሚያድነውን ሜትር ኩብ ወይም የሚጨምረውን ደንበኛ ጽፎ ይምጣ፤ ያንን መጻፍ ያልቻለ መደብ አይጽደቅ። በሰኔ የኦዲት ኮሚቴው ያለፈው ዓመት የኦዲት ግኝት ስንቱ እንደታረመ ይናገር።

የቦርድ ዘመንዎ ሲያበቃ ለተተኪዎ የሚያስረክቡት ሰነድ ሁለት ቁጥር ይያዝ፦ ሲገቡ ገቢ የማያስገኝ ውሃ ስንት በመቶ እንደነበርና ሲወጡ ስንት እንደሆነ። ከሥራቸው የትኞቹ ሠራተኞች ከየት ወደየት እንደተመደቡ፣ የትኛው ምደባ እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ተተኪዎ ከባዶ እንዳይጀምር የሚያደርገው ይህ ገጽ ነው፤ ቁጥሩ ካልወረደም የት መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል።